ዘጠና ስምንት እስኪጠራ

በእኛ ከተማ ሳይረኑ ዘወትር ቅዳሜ በእኩለ ቀን ይጮኻል። ለሙከራ ነው። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ለማወቅ ማዘጋጃ ቤቱ አንዴ ይነፋውና ወዲያው ያጠፋዋል። ውሾች አብረውት ያላዝናሉ። በቢተር ክሪክ ኮሌጅ፣ ኳስ በዱላ ተመትቶ በሚሮጥበት የሴቶች ሶፍትቦል ሜዳ ደግሞ ተመልካቹ ራሱ ያላዝናል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ቅዳሜ ጨዋታ ካለና ሳይረኑ ከተነሣ ልጅ ሽማግሌው አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ እንደ ቀበሮ ይጮኻል፣ ከዚያ ይስቃል፣ ከዚያ ወደ ሱፍ ፍሬው ይመለሳል። እኔ ግን አንድም ቀን ጮኼ አላውቅም። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሰማዩን ዞር ብዬ አያለሁ።

ዳርላ እባላለሁ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ለዚሁ ኮሌጅ ተጫውቻለሁ፤ አሁን ከተመልካቹ መቀመጫ በላይ በተሠራችው የእንጨት ማማ ላይ ማይክ ይዤ አስተዋውቃለሁ። ከተማው የሚያውቀኝ ግን “ዳመና ዳርላ” በሚለው ስም ነው። ልጅ ሳለሁ አውሎ ነፋስ የጎረቤቶቻችንን ቤት ከነሰዎቹ ሲወስድ አይቻለሁ። የእኛ አገር ሰው ሰማዩ ሲከብድ በረንዳ ላይ ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ ያያል፤ እኔ ጉድጓድ ፍለጋ እሮጣለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ይባስ ብሎ ከሁለት ዓመት በፊት ጠቆር ያለ ነገር አየሁና በማይኩ ጮኼ ጨዋታ አስቆምኩ። ሰው ተጋፋ፣ አንዲት ሴት እጇ ተሰበረ፣ ከሰማይ የወረደው ካፊያ ብቻ ሆነ። ጨዋታው ሳያልቅ ቀረ፤ ዋንጫውም አብሮ ቀረ።

የምነግራችሁ ቅዳሜ የዘጠና ስምንት ግንቦት መግቢያ ነው። በሜዳችን የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ በዚያ ላይ የጥሪ ቀን። ከጠዋቱ ጀምሮ የደቡብ ነፋስ እንደ ሰው ትንፋሽ ሞቅ ብሎ ይነፍስ ነበር፤ ሬዲዮውም ስለ ከሰዓት በኋላው ሲያስጠነቅቅ አርፍዷል። አሰልጣኟ ሮንዳ ስታክ የማማዬ ደረጃ ላይ ቆማ የሱፍ ገለባ እየተፋች ትጠብቀኛለች። በተማሪነታችን አብረን ተጫውተናል፤ አንደበቷ ያኔም እንዲሁ ነበር።

“ስሚ ዳርሊ፣ ዛሬ ካሸነፍን ከሰማንያ ስድስት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገር አቀፉ ውድድር እናልፋለን።”

“አውቃለሁ።”

“ደመና የሚባል ቃል በዚህ ማይክ እንዳልሰማ።”

“ሬዲዮው እኮ ከሰዓት በኋላ—”

“ከሰዓት በኋላ ከሆነማ ጨርሰን ቢራ ላይ ነን። አንቺ እንደሆንሽ ላም እምቧ ስትልም ነጎድጓድ ነው የምትይ ሴት ነሽ።”

“ልጄ እዚያ ሜዳ ላይ ናት ሮንዳ።”

“ልጅሽ በአንቺ አልወጣችም፤ እግዜር ይመስገን። የተጻፈልሽን አንብቢ። አንድ ቃል ከጨመርሽ መጥቼ ገመዱን ራሴ ነው የምነቅለው።”

ልጄ ሼልቢ ግራ ሜዳ ላይ፣ ከሁሉም ርቃ ነው የምትጫወተው። አባቷ ከሄደ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ጠዋት ከመኪናው ስትወርድ ጉንጬን ሳመችኝና “እማ፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ፣ እሺ?” አለችኝ። እሺ አልኳት።

የጥሪው ሥርዓት እንዲህ ነው። ከጨዋታው በፊት ከመጀመሪያው ቡድን አንሥቼ በየዓመቱ እጠራለሁ፤ ያ ቡድን የሠራውን አነባለሁ። በሕይወት ያሉት ከቀኝ ሜዳ በር ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ይመጡና ሯጮች ነጥብ የሚያስቆጥሩባትን፣ “ቤት” የምንላትን መሬት ላይ ያለች ነጭ ሰሌዳ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይነካሉ። የዘመኑ ቡድን በግራው መስመር ላይ ኮፍያውን አውልቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። የራሱ ዓመት እስኪጠራ ንቅንቅ የለም። ሲጠራ ደግሞ ቤትን ነክቶ በቀጥታ ወደየቦታው ይሮጣል፣ ጨዋታውም ይጀመራል። በስልሳ አራት እንቁላል የሚያክል በረዶ ወርዶ የአንዷን ግንባር ሲፈነክት ከመስመሩ ፈቀቅ ያለች አልነበረችም። ይህን የማያወራ አሰልጣኝ የለም፤ ይህን ሳትሰማ ሳምንት የሰነበተች አዲስ ተጫዋችም የለችም። እኔም ብሆን በዓመቴ አቧራ ዐይኔን ሲሞላው ሳልነቃነቅ ቆሜያለሁ፤ ስኮራበትም ኖሬያለሁ።

“ሃምሳ አንድ” ብዬ ጀመርኩ።

ሚስ ኦፓል ፊክሲኮ የመጀመሪያው ቡድን ኳስ ወርዋሪ ናት። ምርኩዟን ይዛ፣ ሁለት እኩዮቿን አስከትላ ወጣች። ከዱቄት ጆንያ የሰፉትን ቀሚስ ለብሰው እንደተጫወቱ አነበብኩ፤ ወንዶቹ ሜዳቸውን አናስደፍርም ሲሏቸው ይህን መሬት ከበቆሎ አገዳ አጽድተው ሜዳ እንዳደረጉት አነበብኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሃምሳ ስምንት ላይ ስደርስ የልብስ መቀየሪያ ተነፍገው የራሳቸውን እንደሠሩ አነበብኩ። የሚስ ኦፓል ወንድም የእህል ጎተራ ግንበኛ ስለነበር ብሎኬቱን በፌሮና በሲሚንቶ ጠቅጥቆ ገነባላቸው። ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር እንደ ዶሮ ቤት ረዝሞ የተኛው መስኮት የለሽ ቤት እሱ ነው፤ በሩ ከነጯ ሰሌዳ ጀርባ ነው።

ሰባ አንድን እያነበብኩ ነበር። በዚያ ዓመት ቡድኑ ለአገር አቀፉ ውድድር ኦማሃ ሄዷል። ኮሌጁ አውቶቡስ አልሰጥም ስላለ፣ የአንዷ አባት ቀብር አስፈጻሚ ነበርና በሬሳ መኪናው ታጭቀው ሄደው ሦስተኛ ወጥተው ተመለሱ። እዚህ ላይ ሁሌም ሳቅ አለ። ሳቁ መሐል ሳይረኑ ተነሣ።

ሕዝቡ አንገቱን ቀና አድርጎ አላዘነ። ከካንሳስ የመጡት ተጋጣሚዎቻችን ግራ ገብቷቸው ተያዩ፤ ከዚያ እነሱም አላዘኑ። ትንፋሹ ሲያልቅበት ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳይረኑ ግን አላቆመም። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ እንደገና አየር ስበው ሁለተኛ ጮኹ፤ እሱ አሁንም አላቆመም። “ቁልፉ ተጣብቆባቸው ነው” አለ ከመቀመጫው አንዱ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰማዩ በሚያጠራጥርበት ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ሙከራውን ይሰርዛል፤ ሰው እንዳይወናበድ። ዛሬ ሙከራ የለም።

ፊት ለፊቴ ያለው ሜዳ ፀሐይ ነው። መቀመጫዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለደቡብ ምዕራብ ሰጥተዋል፤ በዚያ በኩል የምታሳየው የማማዬ የኋላ መስኮት ብቻ ናት። ዞርኩ። ሰማዩ እዚያ ማዶ እስከ መሬት ወርዷል። ቀለሙ ያረጀ ቁስል ይመስላል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር አለው። ቅርጹን አላየሁም፤ የሚታይ ቀንድም ጅራትም የለውም። ያየሁት ብልጭታውን ነው። መብረቅ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህ ሰማያዊ ብልጭታ ከመሬት ወደ ላይ ነው የሚነሣው። አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ እኛ ቀረብ ብሎ ሌላ። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች እየወደቁ ነው። ባንዲራችን ከጠዋት ጀምሮ ሲውለበለብ ቆይቶ አሁን ዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሏል።

ፈራሁ። አፌን ወደ ማይኩ አስጠጋሁና ማለት ያለብኝን ቃል ፈለግኩት። ቃሉን ካወጣሁት እንደምጮኽ ገባኝ። እኔ ስጮኽ ደግሞ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይረጋገጣል፣ ሌላው ካሜራውን ይዞ ሊያይ ይወጣል። ሮንዳም ገመዱን ትነቅላለች። የማደርገው ጠፋኝ። እጄ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው፤ አፌ የሚችለውም ማንበብ ብቻ ነው። ብልጠት አልነበረም። ሰዎች በኋላ ብልጠት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

“የሰባ አንድ ቡድን” አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። “ቤትን የነካችሁ ሁሉ፣ ከነቤተሰባችሁ ወደ ብሎኬቱ ቤት ትገባላችሁ። ከሃምሳ አንድ ጀምሮ ያላችሁትም። ሚስ ኦፓል የምታሳያችሁ ነገር አለ።”

ሚስ ኦፓል የምታሳየው ነገር እንደሌላት ከእኔና ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። ምርኩዟን ተደግፋ ቀና ብላ ወደ ማማው ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ባንዲራውን አየች። ከዚያ ለሚከተሏት ሁሉ “ኑ፣ ልጆች” አለችና ቀድማ ገባች።

“እንግዶቻችን ከካንሳስ፣ እናንተም ግቡ። እንግዳ ይቀድማል። ተማሪዎችና ወላጆች፣ ኬክ አለ።”

ኬክ አልነበረም። ሲያላዝኑ የነበሩት ተማሪዎች ከሁሉም ቀድመው ከመቀመጫው ዘለው ወረዱ።

“ሰባ ሁለት።”

ማንበቤን ቀጠልኩ። ከቸኮልኩ ይነቁብኛል፤ ብዙዎቹ መሮጥ የማይችሉ ሴቶች ናቸው። ከዘገየሁ ደግሞ ያ ነገር ይደርሳል። በየዓመቱ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ስም፣ ከዚያ “ግቡ”። ከኋላዬ ያለውን ላለማየት አንገቴን እንደ በሬ አደነደንኩ፤ ግን ብልጭታው የማማውን ግድግዳ ሰማያዊ እያደረገ አሳየኝ። ሰባ ስድስት ላይ የራሴን ስም አነበብኩ። ሴቶቹ ከሜዳው ዳር ዳር እያሉ፣ እያወሩ፣ በሥርዓት ጎንበስ ብለው ሰሌዳዋን እየነኩ ገቡ። አንዷ መነጽሯ ወድቆባት ስትፈልግ ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ሮንዳ ከመስመሩ ወጥታ አንገቷን በእጇ እየቆረጠች ምልክት አሳየችኝ። ምን እያደረግሽ ነው ማለቷ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ተመልካቹ ጨርሶ ከመቀመጫው ሲወርድባት ደሟ ፈልቶ፣ ሁሉንም መልሳ ልታወጣ እየተንደረደረች ብሎኬቱ ቤት ገባች።

የእኛ ልጆች በግራው መስመር ላይ ቆመዋል። ኮፍያ በእጅ፣ እጅ ወደ ኋላ። ሼልቢ የመጨረሻዋ ናት፤ ከበሩ የራቀችው እሷ ናት።

ለምን አስቀድሜ አልጠራኋቸውም? ይህን ራሴን ስጠይቅ እኖራለሁ። ዘጠና ስምንት ብዬ ብጠራ ልማዳቸው ቤትን ነክተው ወደ ሜዳው መሮጥ ነው፤ ሼልቢም ይበልጥ ትርቃለች። በሩ ላይ ደግሞ የሰው እናቶች አሉ፣ ምርኩዝ የያዙ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እናቲቱ ራሷ ፈሪ ስትሆን ምን እንደሚባል አላውቅም። አነበብኩ። ሰማንያ ስድስት፣ የትንንሽ ኮሌጆች ሻምፒዮን። ግቡ። ዘጠና። ግቡ። ፀሐይዋ ከሜዳው ላይ ጠፋች። ወጣቶቹ ሳይጠሩ መሮጥ ጀመሩ፤ እነሱ ከቀኝ ሜዳ በኩል ሆነው ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን አይተውታል። ዘጠና ሰባት። ግቡ።

“ዘጠና—” ስል ማይኩ ሞተ። ሳይረኑም በዚያው ቅጽበት ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጸጥታውን ነበር፤ ከጸጥታው ሥር ደግሞ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የቆምኩ ያህል የሚያጓራ ነገር። ደረጃውን ወረድኩ ልበል ወይስ ወደቅኩ፣ ጉልበቴ ተልጧል። ሜዳው ላይ ስደርስ “ዘጠና ስምንት” ብዬ ጮኽኩ። ነፋሱ ቃሉን ከአፌ ላይ ወሰደው፤ እኔም አልሰማሁትም። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። አንደኛዋ እያለቀሰች ነው። አንዷም አልተነቃነቀችም። አልተጠሩማ። በረዶው ፈንክቷት ካልተነቃነቀችው ልጅ ታንሻለሽ መባልን የምትፈልግ አንድም የለችም።

እንደገና ጮኽኩ። ምንም የለም። ሼልቢ የምታየኝ በዚያ ጠዋት ባየችኝ ዐይን ነው፤ አሳፍሬያታለሁ።

ድምፅ አልሠራ ሲለኝ ክንዴን አነሣሁ። ከቤት በፊት ያለችው ሦስተኛ ማረፊያ ላይ ሯጭ ስትደርስ አጠገቧ የሚቆመው አሰልጣኝ ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ ያሽከረክራል፤ አትቁሚ፣ ወደ ቤት ሩጪ ማለት ነው። ይህን ምልክት እነዚህ ልጆች ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ እግራቸው ከጭንቅላታቸው ቀድሞ ነው የሚሰማው። ክንዴ እስኪገነጠል አሽከረከርኩት።

ሮጡ። ያለ የሌለ ኃይላቸውን ይዘው ሮጡ። ሰሌዳዋ ጋ ሲደርሱ ግን፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ነኳት።

“ተዉት፣ እባካችሁ ተዉት” እያልኩ በጀርባቸው ገፋኋቸው። ወረፋ ሠሩ። በዚያ ሁሉ መሐል ሰሌዳዋን ለመንካት ወረፋ ሠሩ። ከግራ ሜዳ ጀርባ ያለው አጥር ከነምሰሶዎቹ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። አቧራው መጣ። ሼልቢን ፈለግኳት፤ ቀይ ማሊያ አየሁ፣ የእሷ ይሁን የሌላ አላወቅሁም፤ ከዚያ ምንም አላየሁም። አንድ እጅ ኮሌታዬን ያዘና እንደ ጆንያ ወደ ውስጥ ወረወረኝ። ሮንዳ ነበረች። የብረቱ በር ተዘጋ፣ መወርወሪያው ገባ።

“ልጄ” አልኩ። “ሼልቢ አልገባችም፤ ክፈቱልኝ።”

“አልከፍትም።”

“ሮንዳ፣ ክፈቺልኝ።”

“ገድለሽኝ ክፈቺው” አለችና ሙሉ ሰውነቷን ላዬ ላይ ጣለች።

ጆሮዬ ተደፈነ። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ፤ ከላያችን መቀመጫዎቹ እንደ ጨርቅ ሲቀደዱ ሰማሁ። ሰው ይጸልያል፣ ሰው ያስታውካል፣ አንድ ሰው ዝም ብሎ የእናቱን ስም ይጠራል። እኔ አልጸለይኩም። በሩን በጥፍሬ እየቧጠጥኩ ነበር።

ከዚያ አለፈ። የቆየው ትንሽ ነው ይላሉ፤ እኔ አላውቅም። ጨለማው እንዳለ ነው፤ ግድግዳው አልተነካም። አቧራው ጉሮሮ ስለዘጋ የሚናገር አልነበረም። ሮንዳ ከላዬ ተነሥታ በሩን ገፋች፤ ከውጭ የወደቀበት ነገር አላንቀሳቅስ አለው። ሰው እንዳይረጋገጥ ማንም ከቦታው እንዳይነሣ አዘዘች።

“ዳርላ” አለች ሚስ ኦፓል ከወዲያ ጥግ። “ዘጠና ስምንትን አልጠራሽም።”

“ሚስ ኦፓል፣ አሁን—”

“ማን እንዳለና ማን እንደሌለ በምን እንወቅ? ጥሪያቸው እንጂ ልጄ።”

ወረቀቱ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ግን ስማቸውን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ዓመቱን ሙሉ ስጠራቸው የከረምኩ ነኝ። በጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ታሚ። አቤት። ኪምበርሊን። አቤት። ወርዋሪዋ ዴዚ በሳል መሐል አቤት አለች። በእያንዳንዱ አቤት አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ትንፋሹን ሲለቅ ይሰማኛል። እኔ የያዝኩትን ትንፋሽ እንደያዝኩ ነው። የጠራኋቸው ሁሉ መለሱ። ከዚያ አቆምኩ።

“አንዷ ቀረች” አለች ሮንዳ በቀስታ።

“አውቃለሁ።”

“በይ ጥሪያት።”

አልቻልኩም። ካልጠራኋት እኮ አለመኖሯን የሚነግረኝ የለም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ስሟ አፌ ውስጥ እያለ ልጄ አለች፤ ካወጣሁትና ጸጥ ካለ ግን አለቀ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ጎረቤቶቻችንን የወሰዳቸው ቀን እንኳ ያን ያህል አልፈራሁም። ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል።

ከክፍሉ ማዶ፣ ከካንሳሶቹ መሐል፣ አንድ ሰው ሳለ፤ አቧራውን ተፋ።

“እማ” አለ የተሰነጠቀ ድምፅ፣ “እስክትጠሪኝ እኮ ነው የምጠብቀው።”

ጠራኋት። አቤት አለች።